ከፍሬዘር ቀድሞ የገባው ነጥብ

የፍሬዘር ደጉ የመግቢያ ፈተና ነጥብ ሕክምና ትምህርት ቤት የደረሰው ከራሱ ከፍሬዘር ሁለት ቀን ቀድሞ ነው። ስድስት መቶ አስራ አንድ ይባላል። ቀጠን ያለ፣ ክራባት ያሰረ፣ ፀጉሩን በውሃ ያበጠረ ነበር። ፍሬዘር ሻንጣውን ተሸክሞ መማሪያ ክፍል ሲገባ፣ ለእሱ በተመደበው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያነብ አገኘው።

ፍሬዘር ለዲኑ አመለከተ።

«እኛ የተቀበልነው እኮ እሱን ነው» አሉት ዲኑ። «የት እንደሚደርስ ከወዲሁ እናውቃለን። አንተን ግን አናውቅህም። ግድ የለም፣ ሌላ ወንበር ይፈለግልሃል።»

ወንበሩ ከኋላ ተገኘ። ሁለት ዓመት ሙሉ ነጥቡ በጽሑፍ ፈተና አንደኛ ወጣ። የፍሬዘር እናት ሳይቀሩ ሲደውሉ «ነጥብህ ደህና ነው?» ይሉ ነበር። ፍሬዘር ትንሽ ቅር ይለዋል፤ ቢሆንም «ደህና ነው» ይላል። በእርግጥም ደህና ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ፍሬዘርና ነጥቡ ለልምምድ ሆስፒታል ገቡ። እማማ አስካለ የሚባሉ ሴት ሆዳቸውን ታመው ተኝተዋል፤ ጠዋት ግን «ተሻለኝ፣ ልውጣ» ብለዋል። የተማሪዎቹ አስተማሪ ዶክተር ንጋቱ ነጥቡ እንዲመረምራቸው አዘዙ።

«ሕመምዎ የቱ ጋ ነው?» አለ ነጥቡ። «ሀ፣ ከላይ። ለ፣ ከታች። ሐ፣ በጎን። መ፣ መልሱ አልተሰጠም።»

«ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም።»

ነጥቡ ሌላ ምርጫ እስኪመጣለት ጠበቀ። አልመጣም። ዶክተሩ ወደ ፍሬዘር ዞሩ።

ፍሬዘር እጁን አሻሽቶ አሞቀና ሆዳቸውን በቀስታ ጫን አደረገ። ሲለቀው እማማ አስካለ ከንፈራቸውን ነከሱ።

«እማማ፣ እውነት ተሽሎዎታል?»

«ቢላ ፈርቼ ነው እንጂ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ትናንት እምብርቴ ዙሪያ ነበር። ዛሬ ወደ ቀኝ ወረደ።»

«እስከ ቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ድረስ አብሬዎት እሄዳለሁ» አለ ፍሬዘር።

እጃቸውን ይዞ ሄደ። ትርፍ አንጀታቸው ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀረው ወጣ፤ እማማ አስካለም ዳኑ።

ፍሬዘር ሲመለስ ነጥቡ ኮሪደሩ ላይ ክራባቱን አላልቶ ቆሞ ነበር።

«እኔንም እየኝ» አለው።

«የቱ ጋ ነው የሚያምህ?»

ነጥቡ አላወቀም።

ፍሬዘር ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አደረገ። የልብ ምት የለም። ከውስጥ የሚሰማው የሰፊ የፈተና አዳራሽ ድምፅ ነው፤ በመቶ የሚቆጠሩ እርሳሶች ወረቀት ላይ ክብ ያጠቁራሉ። ከሩቅ የሴት ጫማ ቋ፣ ቋ እያለ ቀረበ፤ ቆመም።

«አምስት ደቂቃ ቀርቷችኋል» አለች ሴትዮዋ።