ጭላሎ እየጻፈ ነው

«የጭላሎ ለቅሶ እዚህ ነው?» አለ ድንኳኑ በር ላይ የቆመው ጎልማሳ።

አሰፋች ከአግዳሚው ቀና ብላ አየችው። ከኋላው ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴትና አንድ ቀጭን ወጣት ቆመዋል። የሦስቱም ጫማ ጭቃ ነው።

«ጭላሎማ ተራራው ነው» አለች። «ይህ የወንድሜ የባንተአምላክ ለቅሶ ነው።»

ጎልማሳው ወደ ሴትዮዋ ዞረ። «ባንተአምላክ ነበር እንዴ ስሙ?»

«እኔ በምን አውቄ። ጠዋት ጠዋት ጋቢ ለብሶ ግቢው ውስጥ ሰማይ የሚያይ ሰውዬ ብለህ ጠይቅ።»

ሮሐ ጥጉ ላይ ከተነጠፈው ፍራሽ ሆና ሰማቻቸው። «አባቴ ነው፤ ግቡ» አለች።

ጎልማሳው ገና ሳይቀመጥ አለቀሰ። እንደ ቅርብ ዘመድ ድምፁን አውጥቶ ነው ያለቀሰው። አሰፋች ግራ ገብቷት ሮሐን አየቻት። ሮሐም ሰውዬውን አታውቀውም።

ከቀብሩ ወዲህ ሮሐ አንድ ነገር መጠየቅ ፈርታለች። አባቷን ግቢው ውስጥ ወድቆ ያገኘችው ጎረቤታቸው ዙቤዳ ናት። ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ። ወድቆ ምን ያህል እንደቆየ ግን ማንም አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ትናንት ከኋላዋ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ሲንሾካሾኩ ሰምታለች።

«ብቻውን ነበር አሉ የሚኖረው። ማን ያውቃል፣ ከማታ ጀምሮ ይሆናል።»

«ልጁስ?»

«አዳማ ናት።»

ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ፣ እንቅልፍም አልመጣ ብሏታል። ዙቤዳ ሻይ ይዛ በመጣች ቁጥር ሮሐ ፊቷን ታዞራለች። ዙቤዳ አንድ ቃል ከተናገረች አባቷ በዚያ ብርድ መሬት ላይ ማደሩ እርግጥ የሚሆን ይመስላታል።

ለእንግዶቹ ንፍሮ ቀረበላቸው። ወጣቱ አንድ እፍኝ ዘግኖ ፈገግታውን ለመደበቅ አቀረቀረ።

«ወንደሰን፣ እንዳትናገር» አለችው ሴትዮዋ።

«ኧረ ይናገር» አለ ጎልማሳው ዓይኑን እየጠረገ። «እኔ ሁሴኖ እባላለሁ፣ ከሳጉሬ ነኝ። እሷ ሙቢና ናት፣ ከዲክሲስ። ይሄ ጉድ ደግሞ የሁሩታ ልጅ ነው። ከዚህ በፊት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለው ለቅሶ ቤት ገብተን ነበር።»

«ሌላ ለቅሶ?» አለች አሰፋች።

«ድንኳን ሲያይ ዘሎ ገባ» አለ ወንደሰን። «ለቅሶ ቤት የገባን ሰው ማን ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ተቀብለው አስቀመጡን። ጋሽ ሁሴኖ አልቅሶ አልቅሶ ሰዉን ሁሉ አስለቀሰ። በኋላ አንዷ፣ ሟችን በምን ያውቋቸዋል ብላ ጠየቀችው።»

«እኔም፣ ጠዋት ጠዋት ሰማይ አብረን እናይ ነበር አልኳት» አለ ሁሴኖ። «ለካ ሟቿ ማየት ካቆሙ የቆዩ አሮጊት ናቸው።»

አሰፋች ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ንፍሯቸው ጨው አልነበረውም» አለች ሙቢና። «የእናንተ ይሻላል።»

ሮሐ ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያውም አፈረች። «አባቴን በምን ታውቁታላችሁ?» አለች።

«በቴሌግራም» አለ ሁሴኖ። «ግሩፓችን ‹ሰማዩ› ይባላል። ጠዋት ጠዋት ሁላችንም ከያለንበት ደመናውን እንጽፋለን። በአጨዳ ሰዓት ዝናብ ከመጣ የዓመት ልፋት ነው የሚበሰብሰው። ሬዲዮኑ ስለ ሳጉሬ አያወራልንም። አባትሽ ተራራው ከግቢው ስለሚታየው ስሙን ጭላሎ ብሎ ገባ። ጭላሎ በደመና ከተሸፈነ እኛም እህላችንን እንሸፍናለን።»

«አባቴ እኮ መሬት የለውም» አለች ሮሐ። «የእህል መጋዘን ጠባቂ ነበር። ጡረታ ከወጣ ቆየ።»

«እናውቃለን። ለእኛ ነበር የሚያይልን።»

ባለፈው የገና በዓል ሮሐ ቤት መጥታ ሳለች ጠዋት በመስኮት አይታው ነበር። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ስልኩን ከዓይኑ አርቆ፣ በአንድ ጣቱ እየፈለገ ይጽፋል። «ለማን ነው አባዬ?» አለችው። «ለሰዎች» አላት። እናቷ ካረፈች ወዲህ ንግግሩ ሁሉ እንዲህ አጭር ነበር። እሁድ ስትደውል «ደህና ነኝ፣ ሥራሽን ሥሪ» ብሎ ይዘጋል። እሷም ሰው የሌለው ሽማግሌ ትታ እንደሄደች አድርጋ ስታስብ ኖረች።

«በግሩፑ ውስጥ ብዙ ያወራ ነበር?» አለች።

«ማን፣ ጭላሎ?» አለ ወንደሰን። «ማን ያስቆመዋል? ‹ሰባራ ጃንጥላ›ን ያባረረው እሱ አይደል።»

«እሱን አታንሳብኝ» አለች ሙቢና። «አንድ የሁሩታ ሰው ነበር። ሁልጊዜ ‹ዛሬ አይዘንብም› ይላል። አምኜው ስንዴዬን አስጥቼ ዝናብ አስመታሁት። በኋላ ሲጣራ ሰውዬው ሸራ ነጋዴ ነው።»

«ዝናቡ ሲመጣ በውስጥ መስመር ‹ሸራ አለኝ› ብሎ ይጽፍልሻል» አለ ሁሴኖ። «አባትሽ ‹ጃንጥላህን ይዘህ ውጣ› አለውና ወጣ። ‹የላሟ እመቤት› የምንላት ደግሞ ነበረች። በድምፅ መልእክት ነበር የምትልክልን። ላሟ ከኋላ ስለምትጮህ ሴትዮዋ ያለችውን ሰምተን አናውቅም። ልጇ ዘንድ ሐዋሳ ሄደች። ስትሰናበት ጭላሎ ምን ብሎ ጻፈላት? ‹ላሚቱን ለማን ሰጠሻት፣ ስልክ ይዛ ትግባ።›»

ሮሐ ሁለቱን እጆቿን ጉንጮቿ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች። ይህን ሰውዬ ገና አሁን እያስተዋወቋት ነው።

«ከሁሉም የከፋው ‹አባ ሙግት› የምንላቸው ሰው ነገር ነው» አለ ሁሴኖ፤ ድምፁም ዝቅ አለ። «የዲክሲስ ሽማግሌ ነበሩ፣ ፀሐይ ወጣች ብትያቸው ይከራከሩሻል። ዝም ሲሉ ጊዜ አኩርፈው ነው ብለን ቀለድንባቸው። ስንቀልድ፣ ስንቀልድ፣ የወንድማቸው ልጅ ‹አጎቴ ካረፉ ቆዩ› ብሎ ጻፈልን። ያን ዕለት አባትሽ ሕግ አወጣ። ‹ጠዋት ያልጻፈ ሰው ይፈለጋል። ሁላችሁም የአንድ ጎረቤት ስልክ ለሁሴኖ ስጡ› አለ። ራሱ መጀመሪያ ሰጠኝ። የዙቤዳን።»

ሮሐ እጆቿን አወረደች።

«ለመሆኑ እንዴት እንደተገኘ አልነገሩሽም?» አለች ሙቢና።

ሮሐ በአሉታ ራሷን ነቀነቀች። አሁን ማስቆም ትችል ነበር። አላስቆመቻትም።

«ገብስ አጭጄ ነበር» አለች ሙቢና። «ጎህ እንደቀደደ ‹ጭላሎ፣ ዛሬ ልውቃ ወይስ ልሸፍን?› ብዬ ጻፍኩለት። ወዲያው ‹ጭላሎ እየጻፈ ነው› የሚለው ጽሑፍ ስልኬ ላይ ከላይ መጣ። እሱን እያየሁ ቆምኩ። በኋላ ጠፋ። ምንም አልመጣም። ትንሽ ጠበቅኩ። ጭላሎ ጀምሮ የሚተው ሰው አይደለም። ለሁሴኖ ደወልኩ።»

«እኔ ለዙቤዳ» አለ ሁሴኖ። «የሆነው በዚያው ቅጽበት ነው፣ ልጄ። ከወደቀ እስኪደርሱለት ሻይ እንኳን አይፈላም።»

ዙቤዳ ማንቆርቆሪያ ይዛ በጓሮው በር ገብታ ቆማ ነበር። ሮሐ ዞር ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ትኩር ብላ አየቻት።

«እትዬ ዙቤዳ፣ ሲደርሱ ነፍስ ነበረው?»

«ነበረው እንጂ። ሰውነቱ ሙቅ ነው። እጄን ሰጠሁት፣ ያዘኝ። ባጃጅ ውስጥም አልለቀቀኝም። ልነግርሽ ስመጣ አንቺ ፊትሽን ታዞሪብኛለሽ። እኔ ደግሞ ቶሎ አልደረስሽም ብላ ተቀይማኛለች እያልኩ ሻዩን ቀድቼ ወደ ጓሮ እሸሻለሁ።»

የሮሐ እንባ ወረደ።

«የያዘው የትኛውን እጅዎን ነው?» አለች።

ዙቤዳ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች፣ ቀኝ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ፍራሹ ላይ አጠገቧ ተቀመጠች። ሽንኩርት ሲከትፍ የዋለ እጅ ነው። ሮሐ የዙቤዳን እጅ ተቀብላ ጉንጯ ሥር አደረገችው፤ እንደዚያው ጋደም አለች።

«ላሟ ግን ቡሬ ነበረች ወይስ ቀይ?» አለ ወንደሰን።

«በድምፅ የምትመጣ ላም መልኳ በምን ይታወቃል» አለች ሙቢና።

አሰፋች ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ ፍራሹ በአገጯ አመለከተቻቸው። ሮሐ እንቅልፍ ወስዷታል። ዙቤዳ ክንዷ ቢደነዝዝም እጇን አላነሳችም፤ ሻዩን አሰፋች ተነስታ ቀዳች።