ሻይ ቤት የመሰለችው ሞተር

ፋናዬ ሴት ልጅ ከተገላገለች ወዲህ የባሏ የአዛናው ሐሳብ አንድ ነበር፤ አማቱን በደኅና ሽንፋ አድርሶ ለልጁ ክርስትና ማብቃት። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ አልነበረም። ወይዘሮ አሰፋች ልጃቸው ቆላ መውረዷን አንድም ቀን በደግ አንስተውት አያውቁም። «ለወባና ለጠረፍ የዳርኳት እኔው ነኝ» እያሉ ጭልጋ ላይ ላገኙት ሁሉ ያማርሩ ነበር። ሽንፋን በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም። የልጅ ልጅ ነገር ሆኖባቸው ነው አሁን እሺ ያሉት፤ እስከ ገንዳ ውሃ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወዲያ በአማቻቸው ሞተር።

«አዛናው» አለችው ፋናዬ ሕፃኗን እያጠባች፣ «እናቴን ደኅና አድርገህ አምጣልኝ። ጭረት እንኳ ቢነካት ‘ያልኩት ደረሰ’ ብላ ዳግመኛ ደጄን አትረግጥም።»

«ሚካኤልን! እንደ እንቁላል ይዤ ነው የማመጣቸው» ብሎ ማለ።

መሐላውስ የእውነት ነበር። አዛናው መንዳት ያውቃል። በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ከጎጃምና ከወሎ የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች ከእርሻ እርሻ ሲያመላልስ ስንት ዓመቱ፣ አንድ ሰው ጥሎ አያውቅም። ችግሩ ወዲህ ነው፤ ሞተሩን እንደ ሙሽራ መኳል ይወዳል። መሪው ላይ ዘርፍ፣ መቀመጫው ላይ የነብር ቆዳ የሚመስል ጨርቅ፣ መስተዋቱ ላይ ደግሞ የመላእክት ሥዕል ለጥፏል። ሥዕሉ መስተዋቱን ሊሞላው ምንም ስላልቀረው ከኋላ የሚመጣውን የሚያይበት የተረፈው ቦታ በአውራ ጣት የሚሸፈን ነበር።

ታዲያ አንድ የወሎ ሠራተኛ ሲወርድ በጫማው መታና የኋላ መብራቱን አደቀቀለት። ሠራተኛው ይሰድበኛል ብሎ ተሸማቀቀ። አዛናው ግን «አይዞህ፣ እቃ ነው» ብሎ ሸኘው፤ በሆዱማ አዲስ ጌጥ መግዣ ሰበብ አግኝቶ ደስ ብሎታል። በማግስቱ መተማ ዮሐንስ ከውሰር ሱቅ ተገኘ።

ከውሰር የሞተርና የባጃጅ መለዋወጫ የምትሸጥ፣ ዕቃ ከመሸጧ በፊት ምክር የምትሸጥ ነጋዴ ናት። ሁለት መብራት አውጥታ ባንኮኒው ላይ አኖረችለት። አንዱ ተራ ቀይ ነው። ሌላው ከድንበሩ ማዶ የመጣ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ እያፈራረቀ ብልጭ ድርግም የሚል ነው። የአዛናው እጅ ወዴት እንደሄደ መናገር አያስፈልግም።

«ቀዩን ውሰድ» አለችው። «ፍሬን ስትይዝ ይደምቃል፤ ከኋላህ ያለው ሰው ‘ሊቆም ነው’ ብሎ ያውቅልሃል። ይኼኛው ያዝክም አልያዝክም መጨፈሩን አይተውም።»

«እታለም ከውሰር፣ ቀይ መብራት የሌለው ማን አለ? እኔ የምፈልገው ከሩቅ የምታይ ሞተር ነው።»

«መታየትማ ትታያለህ። ምን መስለህ እንደምትታይ ነው እንጂ ጉዱ።»

«ሠርግ መስዬ!»

«ኸላስ፣ በቃ፤ ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ብላ ጠቀለለችለት።

በመተማ ገበያ ዕቃ ገዝቶ ያለ ምራቂ የሚወጣ ሰው የለም። እህል የገዛ እፍኝ ይጨመርለታል፣ ስኳር የገዛ ከረሜላ ያስጥላል። አዛናውም በር ላይ ዞር ብሎ «ምራቂዬስ?» አለ። ከውሰር ከባንኮኒው ሥር የከባድ መኪና ኋላ ላይ የሚለጠፈውን፣ ብርሃን ሲያርፍበት ቦግ የሚለውን ቀይና ነጭ ጥቅል አወጣችና ሁለት ስንዝር ያህል ቆርጣ ሰጠችው። «ጭቃ መከላከያው ላይ ለጥፈው። ይኼ ባትሪ አይፈልግም፣ አይቃጠልም» አለችው። አዛናው ቅር እያለው ኪሱ ከተተው። ሠርግ በምትመስል ሞተር ላይ የከባድ መኪና ምልክት መለጠፍ ምን ሊባል ነው?

ቤቱ ሲደርስ ፋናዬ በጀሪካኗ ነገር ተቆጥታ ጠበቀችው። ሽንፋ ቦኖ ላይ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሳይሆን ጀሪካን ነው፤ ሁሉም ቢጫ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። የእሷ ደኅናው ሄዶ የሰው አፉ የተሰነጠቀ ሲመጣላት ይህ ሦስተኛው መሆኑ ነው። አዛናው ኪሱን ዳበሰና ያን ቀይና ነጭ ቁራጭ አዲሷ ትንሽ ጀሪካን ሆድ ላይ ለጠፈው። «በይ፣ አሁን እንኳን ጎረቤት ዓይነ ስውርም አይስታት» አለ። ከውሰርን አሰባት፤ ምራቂዋ ለቁም ነገር ዋለ ብሎም ሳቀ።

የመብራቱ ነገር ግን እንዳለው ሆነለት። ከኋላ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ሲል ጓደኞቹ «ሠርገኛው መጣ!» እያሉ ያጨበጭቡለት ጀመር። እሱም ደረቱን ነፋ።

ለክርስትናው ጥቂት ቀን ሲቀር አዛናው አማቱን ሊቀበል ወደ ገንዳ ውሃ ተነሣ። ፋናዬ ጀሪካኗን ሞልታ አወጣችለት።

«ገንዳ ውሃ ውሃ የለም እንዴ?» አለ እየተነጫነጨ።

«እናቴ የደጋ ሰው ናት። ሙቀቱ ይጥላታል፤ የማታውቀውን ውሃ ደግሞ አትጠጣም። የቤቴን ውሃ ትጠጣ።»

ጀሪካኗን ከመቀመጫው ጋር አስጠግቶ አሰረና ሄደ። አውቶቡሱ ዘግይቶ ደረሰ። ወይዘሮ አሰፋች ትልቅ ጥቅል ይዘው ወረዱ፤ ለወላድ የሚሆን ቅቤና በሶ፣ ለሕፃኗ የፈተሉት ጋቢም አለበት። አዛናው ጎንበስ ብሎ ጉልበት ሳመ። እሳቸው ግን ዓይናቸው ሞተሩ ላይ ነበር።

«ይህችን ነው የሚነዱት?» አሉት። ባገራቸው ደንብ አማት አማቿን አንተ አትልም።

«አዎ፣ እማማ። በደንብ ይያዙኝ እንጂ ምንም አይሆኑም።»

«ማንን ነው የምይዘው?»

«እኔን። ወገቤን።»

ወይዘሮ አሰፋች ክፉ ነገር እንደሰሙ ሁሉ አማተቡ። የልጃቸውን ባል በአደባባይ ወገቡን አቅፈው ሊሄዱ! «ጥቅሉ መካከላችን ይሁን» አሉ። ክርክር አልነበረም። ጥቅሉ በአማትና በአማች መካከል ገባ፤ እሳቸው ወደ ኋላ ተገፉ፤ ጀሪካኗ ቦታ አጣችና የዕቃ መጫኛው ጫፍ ላይ በካላማዳሪ ጎማ ቁራጭ ተጠፍራ ታሰረች። የተለጠፈው ቀይና ነጭ ወደ መንገዱ ዞሮ ነበር፤ ይህን ግን ያኔ ልብ ያለው ሰው የለም።

መንገዱ ፒስታ ነው። ሰሞኑ አጨዳ ስለነበር ትራክተሩም የጭነት መኪናውም ሲመላለስበት ውሎ አቧራው ገና አልተቀመጠም፤ ፀሐይዋም እየጠለቀች ነው። በግራና በቀኝ የታጨደው ሰሊጥ ተከምሯል። በየቦታው ለሠራተኛውና ለሹፌሩ ዳስ የጣሉ ሻይ ቤቶች አሉ፤ ደጃፋቸው ላይ ሰማያዊና አረንጓዴ ብልጭልጭ አንጠልጥለው ከሩቅ ይጣራሉ። አዛናው አንዱን ሲያልፍ «የእኔን መብራት አይተው ነው የገዙት» ብሎ በሆዱ ተኩራራ።

ትንሽ እንደሄዱ ከብቶች መንገዱን ሲያቋርጡ አየ። ፍሬን ያዘና ቀስ አለ። ወዲያው ከኋላው የጭነት መኪና ድምፅ ሰማ። በመላእክቱ ክንፍ ሥር በቀረችው የመስተዋት ቁራጭ ውስጥ ሁለት ትልልቅ መብራቶች አየ፤ ወደ እሱ ነው የሚመጡት። ሊያልፉት አይደለም፤ እሱ ወዳለበት ጠርዝ ቀጥ ብለው ነው የሚመጡት። ጡሩምባ እንኳ የለም። አዛናው «እማማ!» ብሎ መሪውን ወደ ሜዳው ጠመዘዘ። ፍሬን ሲያፏጭ፣ ጎማ ጠጠር ሲፈጭ ተሰማ፤ ሞተሩ ተንሸራቶ ሰሊጥ ክምር ላይ በጎኑ ተኛ።

አቧራው ሲገለጥ ሁለቱም በሕይወት ነበሩ። ወይዘሮ አሰፋች ጥቅሉን ጥለው ወገቡን በሁለት እጃቸው ጥርቅም አድርገው ይዘውታል። «አንተ ልጅ! አንተ ልጅ! አለህ?» ይሉታል። መኪናው ከእነሱ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሟል። በፊት መብራቱ ወለል ብሎ የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሞተሩ ጋር እንደታሰረች በጎኗ የተኛችው ጀሪካን፣ ሆዷ ላይ ያለው ቀይና ነጭ እንደ ፍም በርቶ።

ሹፌሩ ኢሳ የሚባል ለሰሊጥ ጭነት ወደ ሽንፋ የሚሄድ ሰው ነው። ከመኪናው ዘሎ ወረደ።

«ተረፋችሁ? ወላሂ፣ ሻይ ቤት መስሎኝ ነው!»

«ምን?» አለ አዛናው።

«ሰማያዊና አረንጓዴ አየሁ። ከረፋድ ጀምሮ አፌን አላራስኩም። አቧራው ውስጥ ሌላ የሚታይ የለም፤ ‘ይኸው ሻይ’ ብዬ ጥግ ልይዝ ወደ እናንተ ጠመዘዝኩ። ፍሬን መያዝህን በምን ልወቅ? መብራትህ ያው ነው። ቀረብ ስል ይህ ቀይና ነጭ ቦግ አለብኝ። ይህ የመኪና ኋላ ነው፤ ሻይ ቤት ይህን አይለጥፍም። ያኔ ነው በፍሬኑ ላይ የቆምኩት።» እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። «አልሐምዱሊላህ፤ አላህ ነው ከእጄ ያወጣችሁ።»

ወይዘሮ አሰፋች ነጠላቸውን አራገፉ። «ሻይ ቤት?» አሉ። «እኔ አሰፋች፣ በስተርጅና ሻይ ቤት?» ከዚያ ጀሪካኗን አስፈቱ፣ ክዳኗን ከፈቱና ከልጃቸው ቤት የመጣውን ውሃ ጠጡ። ቀጥለው ለሹፌሩ ሰጡት፤ እሱም ጠጣ። አዛናው መጨረሻ ተቀበለ። ጀሪካኗን ሲያነሣ ያ ለጥፎት የረሳው ቁራጭ መዳፉ ሥር ሻከረው። ከውሰር «ጭቃ መከላከያው ላይ ለጥፈው» ያለችው ቃል ትዝ አለው፤ እንዴት ስቆ እንደነበረም ትዝ አለው። እንባው ከውሃው ጋር ወረደ። ማንን አስቀድሞ እንደሚያመሰግን አላወቀም፤ ፈጣሪውን፣ ከውሰርን፣ ጀሪካኑን በግድ ያስያዘችውን ሚስቱን፣ ወይስ ጥቅል መካከል ካልገባ ያሉትን አማቱን።

ብልጭልጩን መብራት ሽቦውን በጠሰው። ኢሳ «እኔ ከኋላ እሆንላችኋለሁ» ብሎ ራቅ ብሎ በዝግታ እየተከተለ፣ መንገዱን እያበራ፣ ሽንፋ ደጃቸው ድረስ አደረሳቸው። ጥቅሉ በዚያ መኪና ሄደ። ወይዘሮ አሰፋች ግን መኪና ላይ ውጡ ሲባሉ እምቢ አሉ፤ «ከልጄ ጋር ነው የምሄደው» ብለው ሞተሩ ላይ ወጡ፣ ወገቡንም ያዙት። አዛናው ልጄ ሲሉት ይህ የመጀመሪያው ነበር።

በማግስቱ መተማ ዮሐንስ ሄዶ ለከውሰር ሁሉንም ነገራት። ምክሯን ስላልሰማ የምትወቅሰው መስሎት አንገቱን ደፍቶ ነበር። እሷ ግን አፏን በሻሿ ይዛ ሰማችውና «ሁለታችሁም አላችሁ አይደል? በቃ» አለች። ቀዩን መብራት በገዛ እጇ ገጠመችለት፤ ፍሬን አስይዛ ሲደምቅ ካላየሁ አለች። የመላእክቱን ሥዕልም ከመስተዋቱ አስነሥታ የፊተኛው መከላከያ ላይ አስለጠፈችው። ሊወጣ ሲል ጥቅሉን አንሥታ «ምራቂህስ?» አለችው።

«እሱንማ ወስጄዋለሁ» አለ አዛናው። «ለክርስትናው ትመጫለሽ፤ እማማ ያችን ሴት ሳላይ ደጋ አልወጣም ብለዋል።»

የክርስትናው ዕለት ዳሱ ሞላ። ለእስላም እንግዶች ለብቻ ተሰናድቶ ከውሰር ከወላዷ አጠገብ ተቀመጠች፤ ሕፃኗንም ታቀፈች። ወይዘሮ አሰፋች ስለ ወባም ስለ ጠረፍም አላነሡም። ከመጣው እንግዳ ሁሉ ጋር ወደ ደጅ እየወጡ ቀይ መብራቱን ያሳያሉ፤ አዛናውን ፍሬን አስይዘው «አየህ፣ ደመቀ!» ይላሉ፣ እሳቸው የሠሩት ይመስል።

ወደ ተሲያት ላይ አንድ የጭነት መኪና ደጁ ላይ ቆመ። ኢሳ ስኳር በፌስታል ይዞ፣ ልግባ አልግባ እያለ ከዳሱ አፍ ላይ ቆሞ ነበር። ያን ሰው የሚያውቁት ባልና ሚስቱና አማቲቱ ብቻ ስለሆኑ ሌላው እንግዳ ዞር ብሎ አየው። ወይዘሮ አሰፋች «ተቀመጡ» ቢባሉም እምቢ ብለው ተነሡ። ማንም እንዲቀዳ አልፈቀዱም፤ ማንቆርቆሪያውን ራሳቸው አነሡ፣ ብርጭቆውን ሞሉ፣ ስኳሩን ጨመሩ፣ ይዘውም ደጁ ድረስ ሄዱ።

«ና፣ ልጄ» አሉት። «ሻይህን ሳትጠጣ ቀርተህብን ነበር።»