የመኪናው ብርድ

በረዶ መጣል ከጀመረ ወዲህ መኪናችን ቤንዚን እንደ ውሃ ይጠጣ ጀመር። ባሌ ራዲሳቭ ካንዴላ ለወጠ፣ ፊልትሮ ለወጠ፤ ቢቸግረው ጎረቤታችንን በሌብነት ጠርጥሮ የነዳጅ መቅጃውን ክዳን በቁልፍ ዘጋ። ምንም አልረባም። ከዝላቲቦር ተራራ አይብ ጭነን ኡዢጼ ከተማ ገበያ ስንመላለስ፣ ነዳጁ ዳገት ላይ እንዳያልቅብን ዓይኑን ከጌጁ አይነቅልም።

በመጨረሻ መካኒኩ ድራጊሻ ዘንድ ወሰድነው። ኮፈኑን ከፍቶ ብዙ ከጎረጎረ በኋላ፣ «ማሞቂያው ይሠራል?» አለ።

«እንዴታ» አለ ራዲሳቭ። የበግ ቆዳ ካፖርት ለብሶ ለሚነዳ ሰው ምን ይጎድልበታል።

«እርስዎስ፣ እትዬ ቩኮሳቫ?»

 በረዶው ከመጣሉ በፊት ከተደረገልኝ ቀዶ ጥገና በኋላ ሐኪሙ፣ «ብርድ ብርድ ካለዎት ቁስሉ አመርቅዞ ሊሆን ይችላል፤ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ» ብሎኝ ነበር። ሲበርደኝ የከረምኩት ለማንም ትንፍሽ ሳልል ነው።

«እግሬን ይበርደኛል» አልኩ።

ባሌ ፊቱ አመድ መሰለ። «መስኮት አትክፈቺ፣ ነፋስ ይመታሻል ስል አልነበር?»

ድራጊሻ ግን የራዲያተሩን ቱቦ በእጁ ዳስሶ ሳቀ። «የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ተከፍቶ ቀርቷል። ሞተሩ አይሞቅም፤ ካልሞቀ ደግሞ ቤንዚን ይበላል። እሳቸውም የበረዳቸው ለዚህ ነው።»

አዲስ ቀየረልን። ዳገቱን ስንወጣ ከማሞቂያው የሚወጣው አየር እንደ ምድጃ ይፋጅ ነበር። የነዳጁ ጌጅ ንቅንቅ አላለም። ራዲሳቭ ካፖርቱን አውልቆ ላቡን እየጠረገ፣ «ለካ ነገሩ የመኪናው ነው፤ አንቺማ ደህና ነሽ። ሞቀሽ አይደል?» አለኝ።

«ሞቀኝ» አልኩት፤ አሁንም እንደ በረዶ የቀዘቀዘ እጄን እንዳይነካው ካፖርቴ ውስጥ ደበቅኩ።