ግማሽ ክኒን

ልብስ ሰፊዋ በትንሿ መቀስ ጫፍ ላይ የተጣበቀውን ነጭ ብናኝ በቀሚሷ ጠርጋዋለች፤ አንዴም አይደለም፣ ደጋግማ። ጠመኔ ነው ብላ አለፈችው። ልብስ ሰፊ ቤት ውስጥ ጠመኔ ምን ይገርማል? ነገሩ የከነከናት ሸበቶዋ ሐኪም ፊት ተቀምጣ የልጇን የደም ውጤት ስትሰማ ነው። የሰሞኑ ሥራዋ በሙሉ የተማሪ ሸሚዝ፣ ነጭ በነጭ ነው። በነጭ ጨርቅ ላይ በነጭ ጠመኔ አይሰመርም። ቤት ያለው ጠመኔ ሰማያዊ ነው።

"ኮሌስትሮሏ የጠበቅነውን ያህል አልወረደም" አለች ሐኪሟ ወረቀቱን እያየች። "መድኃኒቱን በየቀኑ ትወስዳለች?"

"በየማታው! እኔ ሥራ ስለማመሽ አያቷ ናቸው በእጃቸው የሚሰጧት" አለች ሰፊዋ። ይህን ተናግራ ሳትጨርስ የመቀሱ ነጭ ብናኝ ትዝ አላት።

"እንግዲያው መጠኑን መጨመር ሊኖርብን ነው።"

ሰፊዋ ክፉ ክፉውን ማሰብ የሚቀናት ሴት ናት። ስልክ ከጠራ ሰው ሞቷል፤ ካልጠራም ሞቶ ደብቀዋታል። ባሏ ገና በአርባ አንድ ዓመቱ ደረጃ ሲወጣ ልቡ ቀጥ ብሎ ከቀረ ወዲህ ደግሞ "አታካብጂ" ለማለት የሚደፍራት ጠፋ። ኮሌስትሮሉ በዘር የሚወርድ ዓይነት ነው ሲሏት ልጇን አስመረመረች፤ ተገኘባት። የአሥራ ሰባት ዓመቷን ልጅ ከቅጥነቷ የተነሣ ቤቱም ሰፈሩም "ቀጮ" ነው የሚላት። "ይቺ ነፋስ የሚወስዳት ልጅ ምን ስብ አላትና!" ብሎ ያልሳቀ ጎረቤት አልነበረም።

"ዶክተር፣ ክኒኑ ለሁለት ቢቆረጥስ?"

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። "ማነው የሚቆርጠው?"

ቀጮ አንዴ እናቷን፣ አንዴ ሐኪሟን አየች። "ግማሽ አይደል እንዴ የታዘዘልኝ? አያቴ ሁሌ ግማሽ ነው የምትሰጠኝ።"

ሰፊዋ ልትቆጣ ፈልጋ አቃታት። አማቷ፣ የቀጮ አያት፣ ለምን እንዳደረጉት ገብቷታል። የባሏ እኅት እንዲህ ያለውን ክኒን ስትወስድ ቆይታ በጨጓራ ካንሰር ነው የሞተችው። ታች ያለችው ጎረቤት ደግሞ "የኮሌስትሮል ክኒን ካንሰር ያመጣል" የሚል ቪዲዮ ለአማቷ አሳይታቸዋለች። ለሰፊዋም አሳይታታለች። ሰፊዋ ያን ቀን "የማይረባ ወሬ!" ብላ ስልኩን መለሰች፤ ሌሊቱን ግን ጣራ ጣራ ስታይ ነጋ።

"ካንሰር ያመጣል ይባላል" አለች፤ "እውነቱን ይንገሩኝ። ላጽናናት ብለው አያለስልሱት።"

"አላለሰልስም። ብዙ ሺህ ሰዎችን ለዓመታት ተከታትለው አጥንተውታል። ክኒኑን የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ በካንሰር ሲያዙ አልታየም። ጡንቻ ሊያሳምም ይችላል፤ ጉበቷንም እየመረመርን እናያለን። እሱን አልደብቅሽም።"

"የባሌ እኅትስ?"

"እሷን አላየኋትም፤ ስለ እሷ አፌን ሞልቼ አልናገርም። ግን ገና ያልታወቀ ካንሰር ራሱ ኮሌስትሮልን ሊያወርድ ይችላል። ሰው ታዲያ የወረደውን ኮሌስትሮልና ካንሰሩን አንድ ላይ ያይና ክኒኑን ይጠረጥራል። ስለዚህች ልጅ ከሆነ የምትጠይቂኝ፣ የምፈራላት ልቧን ነው። ከአባቷ የወረሰችው እሱን ነው።"

"መቼም ካንሰር አይነካትም ብለው ይፈርሙልኛል?"

"ማንም አይፈርምልሽም። እኔ ለራሴ ልጅም መፈረም አልችልም።"

መጠኑ ሳይጨመር፣ ሙሉውን እየወሰደች ቆይታ ደሟ እንደገና እንዲታይ ተስማምተው ወጡ። ሰፊዋ በሩ ላይ ቆማ ለስፌት ቤቱ አለቃ ደወለች።

"ዛሬ ማታ አልገባም።"

"ሸሚዙን ነገ እናስረክባለን እኮ! ምነው፣ ማን ሞተ?"

"ማንም። እንዳይሞት ነው።"

አውቶቡስ ውስጥ ቀጮ በክርኗ ነካ አደረገቻት። "እማዬ፣ አያቴ ላይ እንዳትጮኺ።"

"እኔ መቼ ጮኼ አውቃለሁ?"

"ትናንት። ያውም ድመቷ ላይ።"

ሰፊዋ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ወደ መስኮቱ ዞረች።

ቤት ሲደርሱ አማቷ ወጥ ቤት ተቀምጠው ድንች ይልጣሉ። ሰፊዋ ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም።

"እማማ፣ ክኒኑን ይቆርጡታል?"

ቢላዋው አልቆመም። "እቆርጠዋለሁ።"

"ግማሹስ የት ይገባል?"

"በቧንቧ ይሄዳል።"

"ምነው እማማ! ለምን?"

"ለምን ትይኛለሽ?" አሁን ቢላዋው ቆመ። "ወንዱን ልቡ ገደለብኝ፣ ሴቷን ካንሰር። የቀበርኳቸው እኔ ነኝ። ግማሹን ለልቧ ሰጠሁ፣ ግማሹን ለካንሰሩ ከለከልኩ። ሌላ ምን ላድርግ ነበር?"

ሰፊዋ አውቶቡስ ውስጥ ስታዘጋጀው የመጣችው ንግግር አፏ ውስጥ ሟሟ። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ፣ ቃል ሳታስቀር፣ ጡንቻውንም ጉበቱንም ነገረቻቸው። ማንም የማይፈርም መሆኑንም አልዘለለችውም።

አማቷ የያዙት ይህችኑ የመጨረሻዋን ነው። "ሐኪሟ ካልፈረመች አንቺ ምን ተማምነሽ ነው?"

"ምንም። እኔም እፈራለሁ፤ ከእርስዎ ብሼ እፈራለሁ። ግን እየፈራሁም ሙሉውን እሰጣታለሁ። ክፉ ከመጣ 'አንቺ ነሽ ያደረግሻት' ይበሉኝ፤ ሰው ፊት ይበሉኝ። ግማሽ ክኒን ግን ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት የለም።"

"የምውጠው እኔ ነኝ እኮ" አለች ቀጮ ከበሩ ሥር። "እኔን የጠየቀ አለ?"

ሁለቱም ዞሩ።

"እሺ፣ አንቺስ?" አለች እናቷ።

"ሙሉውን። አባዬ ደረጃው ላይ ሲወድቅ ከኋላው የነበርኩት እኔ ነኝ።"

ከዚያ አማቷ እጃቸውን ታጥበው ሹራባቸውን ደረቡ። "እንግዲያው እዚህ ቤት ጠላቷ እኔ ነኛ!" አሉና በሩን ወርውረውት ወጡ። እግራቸው ደረጃውን ሲወርድ፣ ቀጥሎም የጎረቤቷ በር ሲንኳኳ ተሰማ።

ራት ቀረበ፣ ተበላ፣ ሳህኑም ታጠበ። አማቷ አልተመለሱም። ቀጮ የክኒኑን ዕቃና ውኃ በብርጭቆ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ስጪኝና ልተኛ፤ ነገ ፈተና አለብኝ። በሩንም ልቆልፈው?"

"አትቆልፊው።"

ሰፊዋ ዕቃውን በእጇ አገላበጠችው። አሁን ራሷ ብትሰጣት ነገሩ ያልቃል። ነገ ወስዳ መሳቢያ ውስጥ ትቆልፍበታለች፤ ወይ ለልጅቷ ራሷ ትሰጣታለች። አማቷ ከእንግዲህ ማታ ማታ ከልጅቷ ፊት ተቀምጠው የሚሠሩት ነገር አይኖርም። ልጆቻቸውን ቀብረው የልጅ ልጃቸውን ደግሞ ከሩቅ ያያሉ። ቀጥሎ፣ እንደ ልማዷ፣ አማቷ በጨለማ ደረጃ ሲወጡ፣ እግራቸው ሲስት፣ ጭንቅላታቸው ከግድግዳው ሲላተም ታያት። ተነሥታ በሩን ገርበብ አደረገችው፤ ብርሃኑ ደረጃው ላይ ወጣ። ተመልሳ ተቀመጠች። ልጅቷ ራሷን ጠረጴዛው ላይ ጥላ አንቀላፋች።

በመጨረሻ የእግር ድምፅ መጣ። አማቷ በሩ ላይ ቆመው ብርጭቆውን አዩ።

"ሰጠሻት?"

"አልሰጠኋትም።"

"ለምን?"

"የእርስዎ ሥራ ነዋ። እርስዎን እየጠበቅን ነው።"

አማቷ ገብተው ሹራባቸውን ወንበሩ ላይ ጣሉ። "ያቺ ደግሞ" አሉ ወደ ታች በአገጫቸው እያመለከቱ፣ "ቪዲዮው ላይ የሚለፈልፈው ሰውዬ ማነው፣ ምን ተምሯል ብላት አላውቅም አትለኝም! አላውቅም! ይህን ሁሉ ቀን ስታስበረግገኝ ከርማ!"

"ይቀመጡ እማማ።"

አልተቀመጡም። ዕቃውን ከፍተው አንዱን ክኒን መዳፋቸው ላይ አወጡ። ቁልቁል ሲያዩት ቆዩ። ሰፊዋ ልታግዛቸው እጇን ልትዘረጋ አለችና ጭኗ ላይ መልሳ ያዘችው።

"ቀጮ፣ ተነሺ" አሉ አማቷ። "እንቺ። ሙሉውን ነው።"

ልጅቷ በእንቅልፍ ዓይኗ ተቀብላ ዋጠች።

"ምላስሽን አሳዪኝ። ከፍ አድርጊው። ከሥሩም አሳዪኝ።"

"አያቴ፣ ኧረ ዋጥኩት!"

"ልይ አልኩሽ!"

አዩ። ራሳቸውን ነቀነቁና ብርጭቆውን ይዘው ወደ ወጥ ቤት ሄዱ። ሰፊዋ ተነሥታ በሩን ቆለፈች።