የቴንተር መንገድ መስኮቶች

ዊልፍ ኦግደንን የሰደበው ኔቪል ክራብትሪ ነው። በእንግሊዝ አገር፣ በፈረንጆቹ 1982 በተደረገው የሆስፒታል ሠራተኞች አድማ ጊዜ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ከሃስልቢ ሆስፒታል የብረት በር ፊት ለፊት። ኔቪል የማኅበሩ ተጠሪ ስለነበር በርሜል ውስጥ እሳት አንድዶ ከአድመኞቹ ጋር እጁን ያሞቃል። ዊልፍ ደግሞ በሆስፒታሉ የበሽተኛ አልጋ ገፊ ነበር። ዳሌዋ የተሰበረ አሮጊት ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል የሚወስዳት ጠፍቶ ስትቃትት ማደሯን ሰማና አንዴ ገፍቷት ሊመለስ ገባ። ሲወጣ ኔቪል በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ባንዳ! ለአለቆቹ ጅራቱን የሚቆላ ውሻ!» አለውና ተፋ። ምራቁ ያረፈው በግራ ጫማው ላይ ነው።

ስድብ ነፋስ ነው የሚል ሰው ተሰድቦ አያውቅም። ከዚያን ቀን ወዲያ ዊልፍ በሠራተኞች ክበብ ውስጥ ሲቀመጥ ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ሆኖ ያመሻል። ዓመታት አልፈው ሰዉ ረሳው፤ ኔቪልም ራሱ የረሳ ይመስል በመንገድ ላይ ራሱን ነቅነቅ እያደረገ ያልፍ ጀመር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዊልፍ አልጋ ሲገፋም ሆነ ጡረታ ወጥቶ ድንች ሲልጥ፣ በዚያች ረቡዕ ሊመልስለት ይገባ የነበረውን ቃል በልቡ ሲያበጃጅ ኖሯል። ቃሉ ተሠርቶ ካለቀ ቆይቷል። የጠፋው የሚነገርበት ቀን ነው።

እንዲህ እያለ መንግሥት የጤና አገልግሎቱን ላሻሽል ብሎ ተነሳ። ለንደን ውስጥ ሕግ ወጣ፤ ትንንሾቹ ሆስፒታሎች ተዘግተው በሽተኛው ሁሉ ኮረብታውን ተሻግሮ ወደ ከተማው ትልቅ ሆስፒታል ይሂድ ተባለ። ትንሿ ሃስልቢ በዚህ ነገር ለሁለት ተከፈለች። በዳቦ ቤቱ ሰልፍ ላይ ሳይቀር ሰው ይከራከራል፦ «ትልቁ ጋ የልብ ሐኪም አለ» ይላል አንዱ፤ «እዚያ እስክትደርስ ልብህ የት አባቱ ይቆይሃል?» ይላል ሌላው።

ለዊልፍ ነገሩ ክርክር አልነበረም። ሚስቱ ዶሪን ስትሮክ ከመታት ወዲህ በሃስልቢ ሆስፒታል ምድር ቤት ባለው ክፍል ተኝታለች። አንደበቷ ተዘግቷል፤ ግማሽ ጎኗ አይታዘዛትም። ከዊልፍ እጅ ካልሆነ በቀር አትበላም። ነርሶቹ ያልሞከሩት መላ የለም፤ ማንኪያውን ሲያቀርቡላት ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እሱ ሲመጣ ግን የወተት ሩዙን እንደ ሕፃን ትጨርሳለች። ከተማው ድረስ ሁለት አውቶቡስ ነው፤ የመመለሻው ደግሞ ከእራት በፊት ያበቃል። እንግዲህ ክፍሉ ከተዘጋ ዶሪን በረሃብ ትሞታለች ማለት ነው። ዊልፍ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው።

ከሆስፒታሉ አጥር ጋር ተጣብቆ በተሠራው በቴንተር መንገድ፣ እሱም በሚኖርበት፣ ጎረቤቱ ቤሪል ስቶት የምትባል መበለት «ሆስፒታላችንን አትንኩ» የሚል ቢጫ ወረቀት አሳትማ ለየቤቱ አደለች። በሳምንቱ ያ መንገድ ከዳር እስከ ዳር በየመስኮቱ ቢጫ ለበሰ።

በዚያው ሰሞን ኔቪል በክበቡ ውስጥ ወንበር ስቦ ከዊልፍ ጎን ተቀመጠ። ከአድማው ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ሁለት ብርጭቆ ቢራ ይዟል።

«መራራው ነው አይደል የምትጠጣው?»

«አስታወስክ እንዴ?»

«አንተን ረስቼ ማንን አስታውሳለሁ! ዶሪን እንዴት ናት?»

«ከእጄ ትበላለች።»

«ስማኝ ወዳጄ» አለ ኔቪል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሕዝብ ተወካይ ብለው የሆስፒታሉን ጉዳይ በሚያየው ኮሚቴ ውስጥ አስገብተውኛል። እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ፤ ሲጮኹባቸው ይደነድናሉ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የተደራደርኩት በር ዘግቼ ነው። መስኮት ላይ በመለጠፍ የተገኘ ነገር አላየሁም። ወረቀቶቹ ይነሱ። የዶሪንን ክፍል ለኔ ተወው።»

«ቃልህ ነው?»

ኔቪል እጁን ዘረጋለት። እዚያ አገር ሁለት ሰዎች ቢራ ላይ እጅ ከተጨባበጡ ሌላ ፊርማ አይጠየቅም። ዊልፍ ያንን ወፍራም እጅ ሲጨብጥ ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ፈታ አለለት። ሲጠብቀው የኖረው ይቅርታ የደረሰው መሰለው። ይቅርታ የሚል ቃል በመካከላቸው እንዳልተነገረ ልብ አላለም።

በማግስቱ ቤት ለቤት ዞረ። በሩን እያንኳኳ «ኔቪል ጉዳዩን በውስጥ ይዞታል፤ ጩኸቱ ይቅር» ይላል። ለፍልፎ የማያውቅ ሰው ስለሆነ አመኑት። መጨረሻ ላይ የቤሪልን በር አንኳኳ።

«አንተ ነህ ኔቪልን አምነህ የመጣኸው? አንተ?» አለችው ቤሪል እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

«እጁን ሰጥቶኛል።»

«እጅማ እኔም አለኝ።»

«ቤሪል፣ ለዶሪን ብዬ ነው።»

ይህን ስትሰማ ወረቀቷን ከመስታወቱ ላይ በጥፍሯ ፍቃ አነሳችና ሰጠችው። «እንግዲህ ጣጣው በአንገትህ ነው» አለችው። ዊልፍ ወረቀቶቹን ሁሉ ሰብስቦ በከሰል ማስቀመጫው ውስጥ ከመረ።

ሕዝባዊ ውይይቱ የተጠራው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነበር። ሻይና ብስኩት ቀርቧል። መድረኩ ላይ ከጤና ቢሮ የመጣች ፊሊሲቲ ዋረን የምትባል ወጣት ሹም፣ ከጎኗም ከረባት ያሰረው ኔቪል ተቀምጠዋል። ዊልፍ ፊት ለፊት፣ ቤሪል ካለችበት ረድፍ ቦታ ያዘ።

አንድ የታክሲ ሾፌር ተነሳ። «እመቤቴ፣ በረዶ ሲወርድ የኮረብታው መንገድ ይዘጋል። አምቡላንሱ ክንፍ ሊያወጣ ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። ሹሟም ፈገግ አለች። «ስጋትዎን እሰማለሁ።»

«ሰምተውስ?»

«ጌታዬ፣ ትንሽ ሆስፒታል ውስጥ ልዩ ሐኪም አይቆይም። ሌሊት ሐኪም በማጣት የሚሞት ሰው አለ፤ ይህንንም ማሰብ ይኖርብናል።»

ውሸቷን አልነበረም። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። ሌላው «ድሮስ የሚሞት የለም እንዴ!» ብሎ ጮኸ። ክርክሩ ጋለ። ሹሟ ጫጫታው በረድ እስኪል ጠብቃ ውሳኔውን ተናገረች፦ ክፍሎቹ በሙሉ፣ የስትሮክ በሽተኞችን ክፍል ጨምሮ፣ ከጸደይ በፊት ወደ ከተማው ይዛወራሉ።

ዊልፍ ወዲያው ኔቪልን አየ። ኔቪልም ተነሳ። ዊልፍ ወደ ፊት ሸርተት ብሎ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። በል እንግዲህ፣ አለ በልቡ።

ኔቪል ጉሮሮውን ጠራረገ። ከኋላው ስክሪኑ በራ። ፎቶግራፍ ነው፤ የቴንተር መንገድ፣ በእሑድ ፀሐይ። መስኮቶቹ ሁሉ ንጹሕ፣ ባዶ፣ መጋረጃቸው ነጭ።

«ይኸውላችሁ» አለ ኔቪል። «ለሆስፒታሉ ከማንም የሚቀርቡት እነዚህ ቤቶች ናቸው። በቀደም ቢጫ ለብሰው ነበር። ዛሬ አንዲት ወረቀት የለችም። ማንም አላስገደዳቸውም፤ ሰዉ አሰበበትና ለውጡን ተቀበለ። ምስክር ካስፈለገ ዊልፍ ኦግደን ይኸው ፊታችሁ ተቀምጧል። ሚስቱ እዚያ ተኝታ እያለች እንኳ ወረቀቶቹን በገዛ እጁ ያነሳው እሱ ነው። ለዚህ ሰው ጭብጨባ ይገባዋል።»

ሹሟ አጨበጨበች። ሌላ ያጨበጨበ የለም። ወንበሮች ተንቋቁ፤ ሰዉ ወደ ዊልፍ ዞረ። ቤሪልም ዞረች። በአድማው ጊዜ በዚያ የእሳት በርሜል ዙሪያ ሻይ ስታድል የነበረችው እሷ ናት፤ ያን ቀን ሌላው ሁሉ ኔቪልን ተከትሎ ሲጮህበት እሷ አፏን ይዛ ቆማ ነበር። አሁን ድምፅዋን ከፍ እንኳ ሳታደርግ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች፣

«ባንዳ» አለችው።

ሹሟ ከመድረኩ ወርዳ ማይኩን በአክብሮት አቀበለችው። «አቶ ኦግደን፣ የሚሉን ነገር ካለ?»

ዊልፍ ማይኩን ይዞ ተነሳ። ያ ሲሠራው የኖረው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ኔቪል ውኃ እየቀዳ ቀና ብሎ አየውና ጠቀሰው፤ በዓይኑ፣ እንደ ወዳጅ። ምን ይበል? «ቃል ሰጥቶኝ ነው» ቢል፣ «ምን ብሎ?» ይሉታል። «የሚስቴን አልጋ ላተርፍልህ ብሎ» ይላል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለው ሰው፣ ሆስፒታሉ ውስጥ የሚያስብለት በሽተኛ የሌለው ማን አለ? ኔቪልማ «የምን ቃል፣ ወዳጄ?» ብሎ ይስቃል። ለኔቪል ያበጀውን ያን ቃልም ቢሆን፣ «ባንዳ»ን፣ ቤሪል ቀድማ ለሌላ ሰው አድርጋዋለች፤ ለራሱ ለዊልፍ።

ማይኩን ወንበሩ ላይ አጋደመ። ኮፍያውን አነሳ። ሰዉ እግሩን እየሰበሰበ አሳለፈው፤ ቤሪል ግን አልሰበሰበችለትም፣ ዞሮ አለፋት።

«ዊልፍ!» አለ ኔቪል ከመድረኩ። «አታኩርፍ እንጂ ሰውዬ! ሻይ እንኳ ጠጣ!»

ዊልፍ በሩን ከኋላው ቀስ ብሎ ዘጋና የሆስፒታሉን አጥር ይዞ ሄደ። እራት የሚታደልበት ሰዓት ደርሷል፤ ዶሪን ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ትጠብቀዋለች።