የተቀባው አውራ ጣት

«እንግዲህ ዳኛዋ መጣች» አለ አንለይ ልብስ ሰፊው፣ የንፍሮውን ሰሐን ወደ ጎን እየገፋ። «ደብረወርቅ፣ አንቺው ፍረጂልን። ያቺ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ሁለት ወር እንኳ ሳትሞላ የወረደችው፣ ከእሷ ቀጥሎ የመጣውን ሰውየ ሕዝብ መርጦታል ወይስ አልመረጠውም? አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ልጄ በእጇ መርጣዋለች፣ አውራ ጣቷንም ቀብተዋታል እያለ እስኪሞት ድረስ አደረቀን።»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ወንድ ሁሉ ሳቀ። የለቅሶ ቤት ሳቅ ነው፤ አፍ በጋቢ ተሸፍኖ ትከሻ ብቻ የሚነቀነቅበት። ደብረወርቅ የግራ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸጎጠች። ከእንግሊዝ አገር የገባችው ትናንት ነው፤ አባቷ መንግሥቴ ከተቀበረ፣ ሣልስቱም ካለፈ በኋላ። ባሕር ዳር ከአውሮፕላን ወርዳ፣ ሐሙሲት ላይ መንገድ ተዘግቶ ውላ፣ እየጮኸች ደጁን ስትረግጥ አልቃሹ ሁሉ እንደ አዲስ ተነሥቶላት ነበር። ያን ሁሉ ለቅሶ ችላ፣ ይህቺን ጥያቄ መቻል አቃታት።

«ተዋት እንጂ አንለይ» አለ ቻላቸው፣ የሩዝ መፈልፈያው ባለቤት፣ የድንኳኑን ምሰሶ ተደግፎ እንደተቀመጠ። «አባቷን አፈር እንኳ ያላለበሰችን ልጅ ምን አድርጊ ነው የምትላት?»

«ምን አልኋት? ክርክሩን እንጨርስለት ብየ ነው። ሰማይ ቤትም ይዞት ሄዶ መላእክቱን እንዳያስቸግር።»

ሳቁ እንደገና ተነሣ። ከሴቶቹ በኩል እናቷ ብርክቲ ቀና ብላ አየች።

«በኋላ እነግራችኋለሁ» አለች ደብረወርቅ፣ ድምፅዋ ለራሷም ሳይሰማት። ተነሥታ ወደ ጓሮ ሄደች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ወረታ ውስጥ ሰው ሲሞት ደግነቱ ይወራል፤ ክፉም ቢሆን ተፈልጎ ይገኝለታል። የመንግሥቴ ለቅሶ ግን ከጅምሩ የእንግሊዝ ወሬ ሆነ። ምን ይደረግ፣ ሰውየው ራሱ እንዲያ ነበረ። ሩዙ ታጭዶ ተወቅቶ የፎገራ ገበሬ ጆንያውን እየጫነ ቻላቸው ደጅ ወረፋ ሲይዝ፣ መንግሥቴ የሚያስፈለፍለው ባይኖረውም እዚያው ነው። ሬዲዮኑን በትከሻው አንጠልጥሎ ይመጣና ከሰው ጆንያ ላይ ይቀመጣል። ክርክሩ እንዴት እንደተጀመረ የሚያስታውስ የለም። ለምን በእንግሊዝ እንደሆነ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ስለ ራሱ አገር መንግሥት የተከራከረ ሰው ወይ ጎረቤቱን ያጣል፣ ወይ ራሱ ይጠፋል። የእንግሊዝ መንግሥት ግን ቢሰድቡት አይሰማ፣ ቢያመሰግኑት አይሾም። ስለዚህ የልባቸውን ሁሉ እዚያ ላይ ተወጡት።

ቻላቸው ከወግ አጥባቂዎቹ ወገን ነበር። «ወግ የያዘ ሰው ምን ክፉ ይወጣዋል?» ይላል። መንግሥቴ ደግሞ የሠራተኛው ፓርቲ ነው፤ «እኔ በጉልበቴ አዳሪ፣ ሌላ ወገን ከየት ላምጣ?» እያለ። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት የወጣች ጊዜ፣ ማሽኑ እየጮኸ፣ እሱም ከማሽኑ በላይ እየጮኸ፣ «ይኼ እኮ ከእድር ወጥቻለሁ ብሎ፣ ሰው የሞተበት ቀን ድንኳኑን አውሱኝ ማለት ነው» ያለው እስከ ይፋግ ገበያ ተወርቶለታል። ያቺ ሁለት ወር ያልሞላት ሴትዮ በተሾመች ጊዜ ደግሞ አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ራስ ሰላጣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ እሷ ቀድማ ትወርዳለች ወይስ ሰላጣው ቀድሞ ይጠወልጋል ብሎ ነበር። መንግሥቴ ይህን በሬዲዮ ሰምቶ ያገኘውን መንገደኛ ሁሉ እያስቆመ አወራ። «ሰላጣው ረታ» ይልና እንባው እስኪፈስ ይስቃል።

ደብረወርቅም የሰላጣውን ነገር የሰማችው ከእሱ ነው። እዚያው አገር ተቀምጣ የአገሩን ወሬ የሚነግራት አባቷ ነበር።

የዚያን ሰሞን እሑድ ደወለላት። ከአንዱ ቤት ጽዳት ወደ ሌላው ቤት ጽዳት የሚወስዳት አውቶቡስ ውስጥ ነበረች። ወረቀት አልነበራትም። ማመልከቻዋ ተመልሶባታል፤ የምታድርበትን ክፍል እንኳ የያዘችው በሌላ ሴት ስም ነው። ለአባቷና ለእናቷ ግን «ወረቀቱ ወጣ፣ ዜጋ ሆንሁ» ካለች ቆይታለች። እናትሽ ስላንቺ እያሰበች እህል አልቀምስ አለች ሲሏት ጊዜ ያለችው ነው። አንዴ ያሉት ነገር ደግሞ ቀለብ ይፈልጋል።

«ደብሬ» አለ አባቷ። «አዲሱን ሰውየ መረጣችሁት ወይ?»

በደንብ እንኳ አልሰማችውም። «አዎ አባየ።»

«አንቺም መረጥሽ?»

«መረጥሁ እንጂ። ዜጋ አይደለሁ?»

«ጥፍርሽንስ ቀቡሽ?»

ወረታ ላይ ምርጫ ሲሆን ድምፅ የሰጠ ሰው ደግሞ እንዳይሰጥ አውራ ጣቱን ቀለም ይቀቡታል። ልጅ ሳለች አባቷ ያን ጣቱን እያሳያት ሲኩራራ ትዝ አላት።

«ቀቡኝ» አለች። «ይኸው እስካሁን አለቀቀኝ።»

ሲስቅ ሰማችው። እንዲያ ደስ ብሎት ሲስቅ ከሰማችው ዘመን ሆኗታልና፣ ውሸቷ ራሱ ደግ ሥራ መሰላት።

እስከዚያ ቀን ድረስ መንግሥቴ ስልኩን የሚዘጋው «መቼ ነው የምትመጪው?» ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህን ጥያቄ ተወ። ስለ እንግሊዝም እሷን መጠየቅ ተወ። ስለ ሩዙ፣ ስለ ጉማራ ወንዝ ሙላት፣ ስለ ወለደችው ላም ያወራላትና «በይ ራስሽን ጠብቂ» ብሎ ይዘጋል። ደብረወርቅ ምን ነካው ብላ አልጠየቀችም። እፎይ አለች። አሁን ጓሮ፣ የሩዙ ገለባ ክምር ሥር ተቀምጣ ከውሸቷ ይልቅ ያሳፈራት ያ እፎይታዋ ነው። ዓምና በመጨረሻ ወረቀቱ ሲወጣላትም ባዶ እጄን እንዴት እሄዳለሁ እያለች ለፋሲካ፣ ደግሞ ለመስቀል ቀጠረች። ሞት ቀጠሮ አያውቅ፣ ቀደማት።

ቻላቸው ከኋላዋ መጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«አንለይ ክፉ ሰው አይምሰልሽ» አለ። «አፉ ብቻ ነው።»

«ጋሸ ቻላቸው፣ እኔ አልመረጥሁም» አለች ፊቱን ሳታይ። «ያኔ ሕዝቡም አልመረጠ። ፓርላማ ያሉት የፓርቲው ሰዎች ናቸው መሪያቸውን የተኩት። እዚያ አገር ጥፍርም አይቀባ። እኔማ ወረቀትም አልነበረኝ። አባየን ውሸታም ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

ዞር ብላ አየችው።

«እሱም ያውቅ ነበር» አለ ቻላቸው። «ስልክ ባወራችሁ ማግሥት ደጄ ቆሞ ለአገሩ ሁሉ ተናገረ፤ ልጄ መረጠች፣ ጥፍሯን ተቀባች ብሎ። እኔም የለም፣ ምርጫ አልነበረም አልሁት፤ ተሳሳቅን። ማታ ሬዲዮኑ ነገሩን አብራርቶ አወራው። በበነጋው በጠዋት፣ ማሽኑን ሳላስነሣ መጣ። ሬዲዮኑን አልያዘም። ‹ቻላቸው› አለኝ፣ ‹ያልነበረ ምርጫ መረጥሁ ያለችኝ ሌላም የደበቀችኝ ነገር ቢኖር ነው። ልጄ ወረቀት የላትም። ይህን ያህል ዓመት መጥታ ያላየችን ጨክና አይደለም፤ መውጣት ስለማትችል ነው። እኔ ደግሞ መቼ ትመጫለሽ እያልሁ አቆስላት ኖሯል› አለኝ።»

ደብረወርቅ የገለባ ዘለላ ከመሬት አንሥታ በጣቶቿ መሰባበር ጀመረች።

«ያኔ እንግሊዞች ወረቀት የሌለውን ሰው ሩዋንዳ እንልካለን ይሉ ነበር። በየቀኑ በሬዲዮ የሚወራ ነው። መፈልፈያው ደጅ ደግሞ ልጁ ያልተሰደደበት ሰው የለም፤ የማን ልጅ ወረቀት አላት፣ የማን የላት እየተባለ ይጠየቃል። ‹ይኼ ወሬ ብርክቲ ጆሮ ከደረሰ አለቀላት› አለኝ። ‹የመንግሥቴ ልጅ ወረቀት የላትም ከሚሉ፣ መንግሥቴ ጃጀ ይበሉ። አንተ ሳቅብኝ። ሌላውም ይስቃል። የሚስቅ ሰው አይጠይቅም።›»

«ሳቁበት?»

«ሳቅሁበት እንጂ። ሰው ሩዋንዳን ባነሣ ቁጥር ‹የሱ ልጅ ምን ቸገራት፣ ጥፍሯን ተቀብታለች› ብየ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርሁ። እንግሊዙ መንግሥቴ የሚለውንም ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። እሱም እየተቆጣ ይመልስልኛል፤ እውነቱን የሚቆጣ ነው የሚመስለው። አንዳንድ ቀን ግን ወደ ቤቱ ሲሄድ ዞር ብሎ አያየኝም ነበር።»

ደብረወርቅ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ አለቀሰች። ትናንት ደጁን ስትረግጥ ያለቀሰችው ለሞተው አባቷ ነበር። ይኼኛው በቁሙ ሲሳቅበት ለኖረው ሰው ነው።

«ነገ ሰባቱ ነው» አለች። «ድንኳኑ መሐል ቆሜ እናገራለሁ። ውሸታሟ እኔ ነኝ እላለሁ። አባየ እየተሳቀበት ድንኳኑ አይፈርስም።»

ቻላቸው መሬቱን በከዘራው ጫረ። «ስሙ ይጠራለታል፤ እውነትሽን ነው። ግን ብርክቲ እስከ ዛሬ አታውቅም። እሱ እስኪሞት ሸፍኖ የያዘውን አንቺ በሰባቱ ልትገልጪው ነው። እኔ አላዝሽም። ልጁ አንቺ ነሽ።»

ተነሥቶ ሄደ።

በማግሥቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ሲሉ እናትና ልጅ ከጓዳ ብቻቸውን ሆኑ። ብርክቲ በጭረት የቆሰለ ፊቷን በውኃ እያራሰች ነበር።

«ደብሬ፣ እኔን የሚያጽናናኝ አንድ ነገር ነው» አለች። «አባትሽ ባንቺ ነገር ልቡ አርፎ ነው የሞተ። የስንቱ ልጅ በየበረሃው ቀርቷል፣ የስንቱ በሰው አገር እንደ ሌባ ተደብቆ ይኖራል። የኔዋ ግን ሰው ሆና፣ መራጭ ሆና ነው ያለች እያለ ነበር የሚያጽናናኝ። እህል አልበላ ያልሁ ቀን ያን ተናግሮ ነው የሚያጎርሰኝ።»

ደብረወርቅ የእናቷን ነጠላ አስተካክላላት አብራት ወጣች። ፍትሐቱ ሲደርስም፣ ቀሳውስቱ የአባቷን ስም እየጠሩ ሲጸልዩም፣ እሷ የምታስበው አንድ ነገር ነው። ብትናገር የእናቷ መጽናኛ ይፈርሳል፤ ባትናገር አባቷ እስከ ዘላለሙ የመፈልፈያው ደጅ ሞኝ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱንም ያመጣችው እሷ ናት።

ከቀትር በኋላ እህል ተበልቶ፣ ጠላው ተቀምሶ፣ የእድሩ ሰዎች የድንኳኑን ገመድ ለመፍታት ተነሡ። አንለይ የመጀመሪያውን ካስማ ይዞ ቆመ።

«ከትናንት ጀምሮ ታገሥሁ» አለ። «እንግዲህ ድንኳኑ ሳይፈርስ ፍርዱን እንስማ። ደብረወርቅ፣ ቀብተውሻል ወይስ አልቀቡሽም?»

አንዳንዱ ገና ከወዲሁ አፉን በጋቢው ሸፈነ። ብርክቲ የተሰበሰበ ሰሐን ይዛ መግቢያው ላይ ቆማ ነበር። ቻላቸው አቀርቅሮ ከዘራውን ያያል።

ደብረወርቅ ተነሣች። የግራ እጇን ከነጠላዋ አወጣችና አውራ ጣቷን ለሁሉም አሳየች።

«ቀብተውኛል» አለች። «አባየ እንዳለው ነው።»

«ሬዲዮኑስ?» አለ አንለይ።

«ሬዲዮኑ ያለውን አላውቅም። እዚያ የነበርሁት እኔ ነኝ። መርጫለሁ፣ ቀብተውኛል። አባየ አልተሳሳተም።»

በአውቶቡሱ ውስጥ ስትዋሽ ቀልሏት ነበር። አሁን እያንዳንዱ ቃል ከበዳት፤ ፊቷ በሐፍረት ነደደ። ሐፍረቷን ያየ ሰው ሐዘን መስሎት አዘነላት።

ቻላቸው ከዘራውን ተመርኩዞ ተነሣና ኮፍያውን አወለቀ።

«እንግዲህ ተረታሁ» አለ። «ይኸው በሰው ፊት፣ መንግሥቴ ረታኝ።»

አንለይ ጥቂት አሰበና እሱም ኮፍያውን አነሣ። «እኔም ተረታሁ። ነፍሱን ይማር» አለ። «ነፍስ ይማር» አለ ድንኳኑ ሁሉ። የሳቀ ሰው አልነበረም።

ብርክቲ ሰሐኑን መሬት አስቀምጣ በወንዶቹ መሐል አልፋ መጣች። የልጇን የግራ እጅ ያዘች።

«ይኼ ነው?»

«እሱ ነው እማየ።»

አውራ ጣቱ ከበረኪናና ከሳሙና ብዛት ጥፍሩ ሥር ተሰንጥቆ፣ ደርቆ፣ ሸካራ ሆኗል። ብርክቲ ስንጥቁን በጣቷ ዳበሰችው። ጎንበስ ብላ ሳመችው፤ አንዴ ለራሷ ሳመችና «ይኼ የመንግሥቴ ነው» ብላ ደገመች። ደብረወርቅ እጇን ልትነጥቅ ፈለገች፤ አልነጠቀችም።