ለአቦይ ገብረአምላክ የታደሰው ኮምፒውተር

አቦይ ገብረአምላክ ዕድሜያቸውን በሙሉ ተሳቢ የነዱ ሰው ናቸው። ከመቐለ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሲሉ ነው የኖሩት። መኪናቸው በጦርነቱ ጊዜ ሄደች። ከዚያ በኋላ ደግሞ ግራ ጉልበታቸው ፍሪሲዮን መርገጥ እምቢ አለ። አሁን መቐለ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ካለው ቤታቸው ደጃፍ ወንበር አውጥተው ይቀመጡና የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ድምፅ ያዳምጣሉ። «ይሄ ሰውዬ ማርሽ አይቀይርም እንዴ?» ይላሉ ለራሳቸው። ሌላ ብዙም አያወሩም።

ይህ ዝምታ ልጃቸውን ፊዮሪን ያስጨንቃት ነበር። ፊዮሪ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ባሏ ታዲዮስ የደሴ ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመንገድ ሥራ ያስተምራል። ዓዲ ሓቂ ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ከዕቃቸው መሀል ታዲዮስ በላጤነቱ ከአንድ ቢሮ ጨረታ የገዛው ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አለ። ጦርነቱን ሙሉ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ከርሟል። ይሠራል፤ ነገር ግን እስኪከፈት ድረስ ሻይ ተፈልቶ ይጠጣል።

አንድ ቅዳሜ ፊዮሪ ስልኳን ይዛ ታዲዮስ አጠገብ ተቀመጠች። ስክሪኑ ላይ አንድ ረጅም የጭነት መኪና በዝናብ ውስጥ እየሄደ ነው። ጌም ነበር።

«ይሄን ለአቦይ ብናመጣለትስ?» አለች።

«በዚያ ኮምፒውተር?»

«ኮምፒውተሩን እናድሰዋለና። አዲስ መግዛት አንችልም፣ ማደስ ግን እንችላለን።»

ታዲዮስን ሐሳቡ ደስ አለው። በማግስቱ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ሀፊሳ ሱቅ ሄደ። ሀፊሳ የፊዮሪ የትምህርት ቤት ጓደኛ ናት፤ ገበያው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ኮምፒውተር ትጠግናለች። ክዳኑን ከፍታ አቧራውን በብሩሽ ጠረገችና ውስጡን አየችው።

«ፕሮሰሰሩን አትንካው፣ ለዚህ ጌም ይበቃዋል» አለችው። «ራም እንጨምርለት። ሃርድ ዲስኩን አውጥተን ፈጣኑን፣ ኤስኤስዲውን እናስገባለት። ከዚያ ለሥዕሉ አንድ ትንሽ ግራፊክስ ካርድ ያስፈልገዋል። ካርዱ አሁን እጄ ላይ የለም፣ ከአዲስ አበባ ዕቃ ሲመጣልኝ እደውልልሃለሁ።»

ራሙና ኤስኤስዲው የዚያኑ ቀን ገቡ። ታዲዮስ ቤት ወስዶ ሲያበራው ኮምፒውተሩ ወዲያው ተከፈተ። ዓይኑን ማመን አቅቶት አጥፍቶ እንደገና አበራው። ፊዮሪንም ጠርቶ አሳያት።

የሀፊሳን ስልክ መጠበቅ ግን አልቻለም። አብርሽ የሚባል ተመራቂ ተማሪ ዕቃውን ሸጦ ወደ አገሩ ሊሄድ ነው ሲባል ሰማ። ከሚሸጣቸው ነገሮች አንዱ ትልቅ፣ ሁለት ፋን ያለው ግራፊክስ ካርድ ነበር። ዋጋው ደግሞ ትንሹን ካርድ ያህል ነው። ታዲዮስ አልተወላወለም፣ ገዛው። ቤት ሲያስገባው ካርዱ ከኬዙ ስለረዘመ የኮምፒውተሩ ጎን ሳይገጠም ቀረ። «ምን ቸገረው፣ አየር ያገኛል» አለ። የኤሌክትሪክ ገመዱንም በማገናኛ አገጣጥሞ ሰካው።

ጌሙ ተከፈተ። መኪናው ታየ፣ ሞተሩ ተነሣ። መኪናው ከግቢው ሊወጣ ሲል ኮምፒውተሩ ድርግም አለ። እንደገና ሞከሩ፣ እንደገና ጠፋ።

ታዲዮስ አንገቱን ደፍቶ ሀፊሳ ጋ ተመለሰ። እሷ ግን አልሳቀችበትም። ካርዱን በሌላ ኮምፒውተር ሞክራ፣ «ካርዱ ጤነኛ ነው» አለችው። «የአንተ ፓወር ሰፕላይ ነው ያልቻለው። የቢሮ ኮምፒውተር ስለሆነ ኃይሉ ለራሱ ብቻ የተመጠነ ነው። እኔ ትንሹን ያልኩህ ሌላ ገመድ ስለማይፈልግ ነው።»

«እና ምን ይሻለኛል?»

«ይሄን የሚፈልግ ደንበኛ አለኝ። ተወው እኔ ጋ፣ ትንሹ ሲመጣ እለውጥልሃለሁ።»

ትንሿ ካርድ መጣች። መዳፍ ታክላለች። ገብታ ክዳኑ ተገጠመ። የሥዕሉን ጥራት ትንሽ ዝቅ ማድረግ ነበረባቸው፤ ሩቅ ያሉት ዛፎች ደብዘዝ አሉ። መንገዱ ግን ሳይቆራረጥ ጥርት ብሎ ይሄድ ጀመር። ፊዮሪ አንድ ከተማ አቋርጣ እስክትወጣ ነድታ ኮምፒውተሩ እንደማይጠፋ ስታረጋግጥ ተነሥታ ባሏን አቀፈችው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አቦይ ገብረአምላክ ለምሳ መጡ። «ከመይ ውዒልኩም» ብለው ገቡ፤ ከዘራቸውን አስደግፈው ሳይጨርሱ ፊዮሪ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠቻቸው።

«ይሄ የማን አገር ነው?» አሉ ስክሪኑን እያዩ።

«ጀርመን ነው፣ አቦይ» አላቸው ታዲዮስ።

«መንገዱስ ጥሩ ነው። መሪው የት አለ?»

ፊዮሪ ኪቦርዱ ላይ ያሉትን ቀስቶች አሳየቻቸው። አቦይ ገብረአምላክ ወፍራም ጣታቸውን ግራው ቀስት ላይ ጫን ሲያደርጉ መኪናው ተወርውሮ አጥር ላይ ወጣ። ወደ ቀኝ ሲሉ ቦይ ውስጥ ገባ። ደጋግመው ሞከሩ፣ ያው ነው። ኪቦርዱን ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ገፋ አደረጉት።

«ጥሩ ነገር ነው። ለልጆች ይሆናል» አሉና ወደ ማዕዱ ዞሩ።

ፊዮሪ ፊቷ ተለወጠ። እንደ መኪና መሪ ያለ ለጌም የሚሆን መሪ እንዳለ ታውቃለች፤ ዋጋው ግን እስካሁን ካወጡት ሁሉ ይበልጣል። ምሳው ተበላ። አባቷ ጋደም ሲሉ እሷ ንዴቷን ለመርሳት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠችና መኪናውን ማብረር ጀመረች። መንገዱ ተራራ ወጣ፣ ከዚያም ቁልቁል ሆነ።

«ማርሽ ቀንሺ» የሚል ድምፅ ከኋላዋ ሰማች።

ዞር አለች። አባቷ በክርናቸው ተደግፈው ቀና ብለዋል።

«ፊት ፊትሽን እዪ። በፍሬን ብቻ አትውረጂ፣ ይግላል። ማርሽ ቀንሺና ሞተሩ ራሱ ይያዘው።»

ማርሹን ቀነሰች። መኪናው አጓርቶ ፍጥነቱን ቀነሰ። አቦይ ገብረአምላክ ተነሥተው ወንበር ጎትተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ኩርባው ላይ ሰፋ አድርገሽ ግቢ። ገና፣ ገና ነው። ተሳቢው መኖሩን ረሳሽው እንዴ? አሁን መልሺ። እንዲያ ነው፣ ጓለይ።»

ታዲዮስ ሻይ ይዞ ሲመጣ ሁለቱም ቀና አላሉም። ቁልቁለቱ ሲያልቅ አባትየው ወንበራቸውን ደገፍ አሉና፣ «አንድ ጊዜ ግራ ካሕሱ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለኝ» አሉ።

«መቼ?»

«አንቺ ገና ጨቅላ ሳለሽ። ሲሚንቶ ጭኛለሁ። ረዳቴ ድንጋይ ታቅፎ ዘለለ፤ ጎማው ሥር ሊወሽቅ። ድንጋዩን ቆርጥሞት አለፈ። መኪናዋን ከተራራው ጎን ጋር እያሻሸሁ ነው ያቆምኳት። ከዚያ እኔም ወርጄ ሁለታችን መንገዱ ዳር ተቀመጥን፤ ሲመሽ ነው የተነሣነው።»

«ለምን አልነገርከንም?»

«እናትሽ እንቅልፍ እንዳታጣ ብዬ ነዋ።»

ከዚያ አፋር በረሃ ስላለችው ስለ ሰርዶ ሙቀት አወሩ፤ ጅቡቲ ወደብ ተራ ሲጠብቁ ካርታ ስለሚጫወቱት ሾፌሮች አወሩ። ፊዮሪ ከአባቷ አፍ ይህን ያህል ነገር በአንድ ቀን ሰምታ አታውቅም። ለጆሮዋ ሁሉም አዲስ ነበር።

አሁን እሑድ እሑድ መነጽራቸውን ኪሳቸው ከትተው ይመጣሉ። ጭነቱን የሚመርጡት እሳቸው ናቸው፤ ቀላል ጭነት አይወዱም። ታዲዮስንም ሥራ ፈት አይተዉትም። «አንተ ወደይ፣ ልጄ፣ መንገድ አስተማሪ አይደለህ? ይሄ ኩርባ ወደ ውስጥ ለምን ዘመመ?» ይሉታል፤ ሲያስረዳቸው አንገታቸውን እየነቀነቁ ያዳምጡታል። መብራት በመሀል ሲጠፋ እንኳ አይነሡም። ወሬውን ይቀጥላሉ።

በቀደም እሑድ ሀፊሳ ደወለች። ያገለገለ መሪ ከነፔዳሉ በቅናሽ ተገኝቷል። ፊዮሪ ስልኳን ሳትዘጋ አባቷን ጠየቀቻቸው።

አቦይ ገብረአምላክ ትንሽ አሰቡ። «ተዪው። መሪውን አንቺ ያዢ» አሉ። «እኔ ያን ሁሉ ዘመን ስነዳ ዳርና ዳሩን አላየሁትም። አሁን ልየው።»

የዚያን ዕለት እንጨት ጭነው ወደ አንድ ወደብ ሄዱ። ሲደርሱ ተሳቢው በወደቡ መጋዘን በር ላይ ተጣሞ ቆመ። አቦይ ገብረአምላክ እስኪስተካከል ድረስ ልጃቸውን ወደ ፊት ወደ ኋላ አስኬዷት። ፊዮሪ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር።